ስልክሽን አትደብቂው

ውድ ልጄ፣

ትናንት ማታ ስትደውዪ ድምፅሽ ልክ አልነበረም። በራውንድ፣ ሕመምተኞቹን በየአልጋው ስትጎበኙ፣ የመድኃኒት መጠን ለማየት ስልክሽን ብታወጪ ሲኒየር ሐኪሙ በሕመምተኛው ፊት «ይህንንም በቃልሽ አታውቂም?» ማለታቸውን ነገርሽኝ። «ከእንግዲህ ሰው ፊት አላወጣም» ብለሽ ዘጋሽ። አሁን የምጽፍልሽ ለዚህ ነው፤ በስልክ ብጀምረው አታስጨርሺኝም።

ስልክሽን ማውጣትሽን አትተዪ። ይህን የምልሽ እናት ሆኜ ላጽናናሽ ብዬ ብቻ አይደለም። በፋርማሲ መስኮት ማዘዣ ስቀበል 30 ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት እጄን ካንቀጠቀጡት ማዘዣዎች ብዙዎቹ በቃሉ በተማመነ ሰው የተጻፉ ናቸው። ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ ሕመም ሲታዘዝ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በየቀኑ ከተወሰደ መቅኔን አዳክሞ ሰው ይገድላል። «በየቀኑ» ተብሎ የተጻፈበትን ማዘዣ ይዤ ወደ ሐኪሙ የደወልኩበትን ቀን አልረሳውም። ሰነፍ ሐኪም አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ደክሞታል፤ በወረቀቱ ላይ ያሉት ሌሎች መድኃኒቶች ሁሉ በየቀኑ የሚወሰዱ ስለነበሩ እጁ በዚያው ቀጠለ። ግማሽ ደቂቃ ገልጦ ቢያይ ኖሮ እኔ ጋ ባልደረሰ ነበር።

እኛ ስንማር የመድኃኒት መጽሐፉ እንደ ጡብ የከበደ ነበር። ከመደርደሪያው አውርዶ የሚያገላብጠውን ሰው ማንም አላዋቂ አይለውም፤ እንዲያውም ጠንቃቃ ይባል ነበር። አሁን በስልክሽ የምታነቢውን የሕክምና ማመሳከሪያ፣ አፕቱዴትን፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው በርተን ሮዝም ራሱ የኩላሊት ሐኪም ነበር፤ ያዘጋጀውም ለሐኪሞች ነው። መጽሐፉ ወደ ኪስ ስለገባ ማየቱ ነውር ሊሆን አይችልም።

በእርግጥ በቃል መያዝ ያለባቸው አሉ። ልብ ሲቆም የሚደረገውን፣ የደም ስኳር ሲወርድ የሚሰጠውን፣ ሰውነት በአለርጂ ተቆጥቶ ትንፋሽ ሲያጥር ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም አድሬናሊን በጭን ጡንቻ መወጋቱን ከእንቅልፍሽ ቀስቅሰው ቢጠይቁሽ መመለስ አለብሽ። ስልክ ተከፍቶ እስኪፈለግ የማይጠብቁ እነዚህ ናቸው። የቀረውን ግን ገልጠሽ እዪ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ወደ ስልኩ የምታስገቢው ቁጥር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ኢንተርን፣ ገና በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም፣ ደም የሚያቀጥነውን የኢኖክሳፓሪን ማዘዣ ላከልኝ። ሕመምተኛዋ የ84 ዓመት እናት ናቸው፤ እግራቸው ላይ ደም ረግቷል። ማዘዣው 60 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ ይላል። ልጁ ጠንቃቃ ነበር፤ መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ የኩላሊታቸውን የማጣራት አቅም በስልክ ማስሊያው በኤምዲካልክ አስልቶ «በደቂቃ 44 ሚሊሊትር» ብሎ ከጎኑ ጽፏል። ያስገባቸውንም አስፍሯል፦ ዕድሜ 84፣ ክሬያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) 0.9፣ ክብደት 60። ስሌቱን በወረቀት ደገምኩት። ከ140 ላይ 84 ሲቀነስ 56፤ ያ በ60 ተባዝቶ፣ ለ72 እና ለ0.9 ብዜት ተካፍሎ፣ ለሴት ደግሞ በ0.85 ሲባዛ 44 ይመጣል። እንከን የለውም።

ግን ሴትዮዋን ያን ዕለት ጠዋት በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍተው በመስኮቴ በኩል ሲያልፉ አይቻቸው ነበር። ከብርድ ልብሱ የወጣው የእጃቸው አንጓ የልጅ እጅ ይመስል ነበር። ማዘዣውን ይዤ ወደ ዋርዱ ወጣሁ። እኔና ነርሷ ግራና ቀኝ ደግፈን ሚዛን ላይ አቆምናቸውና በቀስታ ለቀቅናቸው። 40 ኪሎ። ልጁን «60ው ከየት መጣ?» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ቆየና «ክብደት ካልሞላሁ አላሰላም አለኝ፤ ስለዚህ ገመትኩ» አለ።

60ውን አውጥተሽ 40 ብታስገቢ ያው ቀመር 29 ይሰጥሻል። ከ30 በታች ሲሆን ደግሞ ኢኖክሳፓሪን ለአንድ ኪሎ 1 ሚሊግራም ሆኖ የሚሰጠው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በቀን 120 ሚሊግራም ሊወጉ የነበሩት ሴት የሚያስፈልጋቸው 40 ነበር። ሦስት እጥፍ! ደም በሚያቀጥን መድኃኒት፣ በዚያ ዕድሜ። መተግበሪያው ሁለቱንም ጊዜ የሰጠው ስሌት ትክክል መሆኑን ልብ በዪ። ሚዛኑ ከአልጋቸው አሥር እርምጃ ርቆ ግድግዳ ሥር ነበር።

29 እንደ ድንጋይ የጸና ቁጥር ነው ብለሽም አትተማመኚ። ኮክክሮፍት እና ጎልት ቀመሩን እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጡት ከ249 ሕመምተኞች ሲሆን ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ክሬያቲኒን ከጡንቻ የሚመጣ ነው፤ ጡንቻው ያለቀ አረጋዊ ኩላሊቱ ደክሞም ክሬያቲኒኑ «ደህና» ሊመስል ይችላል። መለኪያውንም ተመልከቺ፤ በማይክሮሞል 88 የሚል ላቦራቶሪ በሚሊግራም ከሚጽፈው ጋር ሲነጻጸር 1 ገደማ ማለቱ ነው።

አንዳንዱ ማስሊያ የሚጠይቅሽ ሚዛን የማይለካውን ነው። የሳንባ ደም መርጋትን የሚገምተውን የዌልስ ነጥብ ውሰጂ። የልብ ምት ከ100 ካለፈ 1.5 ነጥብ ነው። «ከሌላ ሕመም ይልቅ ይህ ይመስላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ አዎ ካልሽ ግን 3 ነጥብ ትሰጪያለሽ፤ ድምሩ ከ4 ካለፈ ደግሞ ሕመሙ ሊኖር የሚችል ነው ይልሻል። ትልቁን ነጥብ ከአንቺው ተቀብሎ ለአንቺው ይመልስልሻል። ሕመምተኛውን ሳታዳምጪ፣ ሳትመረምሪ ያን ሳጥን ከነካሽ የራስሽን ግምት እንደ ማስረጃ ተቀበልሽ ማለት ነው።

አፕቱዴት ላይ ከምክሩ አጠገብ ያለውን ምልክት ሳታዪ አትለፊ፤ 1 ጠንካራ ምክር ነው፣ 2 ደካማ፤ ፊደሉ የማስረጃውን ጥራት ይነግርሻል። ገጹ የታደሰበትንም ቀን እዪ። አሁን ጥያቄ ስትጽፊላቸው አንቀጽ አቀናብረው የሚመልሱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያዎችም መጥተዋል። አንብቢያቸው፤ የመድኃኒት መጠን ግን ከዚያ አንቀጽ ገልብጠሽ እንዳትጽፊ። የተጠቀሰው ገጽ ውስጥ ገብተሽ ቁጥሩን በዓይንሽ አረጋግጪ።

ለሕመምተኛው ደግሞ ንገሪው። ዝም ብለሽ ካቀረቀርሽ መልእክት የምታነቢ ይመስለዋል፤ እሱ አሞት ተኝቶ አንቺ ስትስቂ ከታየሽ ደግሞ ልቡ ይሰበራል። «የመድኃኒቱን መጠን ለእርስዎ ክብደት ላረጋግጥ ነው» በዪና ከፈለገ ስክሪኑን አሳዪው። ከአልጋ ወደ አልጋ ስትሄጂ እጅሽን እንደምትታጠቢ ሁሉ ስልክሽንም ጥረጊው።

ሲኒየሩን አትቀየሚያቸው። በሰው ፊት ባይሉሽ እመርጥ ነበር፤ ያሳዘነሽ እኔንም አሳዝኖኛል። ግን አንድ ነገር አልነገርሽኝም። ስልኩን ያወጣሽው ሰውየውን ከመመርመርሽ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እሑድ ስትደውዪ ይህን ንገሪኝ። የእናንተ ዋርድ ሚዛን የት እንደተቀመጠም እዪና ንገሪኝ።

እናትሽ