ፊልሙን ጥለው የወጡት እናት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሰሞን በባህል ገጻችሁ ስለ «ኤ ክሎክወርክ ኦሬንጅ»፣ አሌክስ የሚባል ጎረምሳ ከጓደኞቹ ጋር ግፍ ስለሚሠራበት ፊልም፣ የወጣውን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ዳይሬክተሩ ስለ ስታንሊ ኩብሪክ የካሜራ ጥበብ የተባለው ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን አንገበገበኝ። ጸሐፊው ፊልሙን ሳይጨርሱ ከአዳራሽ የሚወጡትን ሰዎች «ሲኒማ ያልገባቸው» ብሎ አልፏቸዋል። እኔ እነዚያን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። በር ከፍቼ ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ።

በ2000 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለንደን ውስጥ አንድ ሲኒማ ቤት በር ላይ ማታ ማታ እሠራ ነበር። ትኬት እቆርጣለሁ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ወንበር አሳያለሁ፣ ከዚያ ከኋላ ቆሜ እጠብቃለሁ። ፊልሙ ወደ እንግሊዝ ሲኒማ ቤቶች የተመለሰው በዚያው ዓመት መጋቢት ነው። ከዚያ በፊት ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ እዚያ አገር በሕጋዊ መንገድ ማየት አይቻልም ነበር። ብዙ ሰው መንግሥት ያገደው ይመስለዋል። አይደለም። ሳንሱሩ በሙሉ አሳልፎታል። ከእንግሊዝ ያስነሣው ኩብሪክ ራሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልሙ ለንደን የገባው በ1972 መጀመሪያ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወጣቶች ወንጀል በሠሩ ቁጥር ስሙ በጋዜጦችና በፍርድ ቤት ይነሣ ጀመር። አንዳንድ የከተማ ምክር ቤቶች በየአካባቢያቸው ከለከሉት። ለኩብሪክ ቤተሰብ ማስፈራሪያ መጣ። እሱም አከፋፋዩ ኩባንያ ፊልሙን እንግሊዝ ውስጥ እንዳያሳይ አደረገ። በሌላ አገር ግን መታየቱ ቀጠለ። ለንደን የነበረው ስካላ የሚባል ሲኒማ ቤት ያለ ፈቃድ አሳይቶ ተከሰሰ፤ ተረታ። በ1993 ሲዘጋ ካደቀቁት ነገሮች አንዱ ይኸው ክስ ነበር። ኩብሪክ በመጋቢት 1999 ዐረፈ። ፊልሙ የተመለሰው ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

እና ያን ሰሞን ሰዉ ጎረፈ። ነጭ ልብስና ጥቁር ባርኔጣ አድርገው፣ በአንድ ዓይናቸው ላይ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ለጥፈው የሚመጡ ወጣቶች ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ይስቃሉ፣ ያጨበጭባሉ። ከዚያ የአንድ ደራሲ ቤት የሚሰበርበት ትዕይንት ይመጣል። ፊልሙ ገና ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላውም። አሌክስና ጓደኞቹ ጭምብል አጥልቀው ቤት ሰብረው ይገባሉ። ባልየውን እየረገጡ፣ ሚስቱን እያዋረዱ፣ አሌክስ «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» የሚባለውን የታወቀ የዝናብ ዘፈን ይዘፍናል። ዘፈኑን ተዋናዩ ማልኮም ማክዶዌል ልምምድ ላይ ከራሱ አምጥቶ የጨመረው ነው። እዚያ ላይ አዳራሹ ለሁለት ይከፈላል። የሚስቅ አለ። ትንፋሹን የዋጠ አለ። የሚነሣም አለ።

ከሚነሡት አንዷን አልረሳቸውም። ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው እንግሊዛዊት እናት ናቸው። ባለቤታቸው ወንበሩ ላይ ቀረ። እሳቸው ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ውኃ አመጣሁላቸው። ትኬታቸውን እንዲመልሱላቸው ልጠይቅ ወይ አልኳቸው። አይ፣ አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው አወሩኝ። መጽሐፉን ገና በወጣትነታቸው አንብበውታል። ይወዱታል። «መጽሐፉ ውስጥ ግን ቃላቱ ስለማይገቡኝ ግፉን በጭጋግ ውስጥ ነበር የማየው» አሉኝ። «እዚህ ጭጋጉ የለም።»

ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም። በሳምንቱ መጽሐፉን ገዛሁ። የአንተኒ በርጀስ ልብወለድ ነው፣ በ1962 የታተመ። ገና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ደነገጥኩ። እኔ በደርግ ጊዜ ኪየቭ የተላክሁ ተማሪ ነበርኩ። አምስት ዓመት በሩሲያኛ ነው የተማርኩት። በርጀስ በ1961 ሌኒንግራድ ሄዶ ነበር፣ ሩሲያኛም ተምሯል። ለአሌክስና ለጓደኞቹ የፈጠረላቸው የአራዳ ቋንቋ መሠረቱ ሩሲያኛ ነው! ድሩግ ጓደኛ ነው። ሞሎኮ ወተት ነው። ኖዥ ቢላዋ፣ ክሮቪ ደም። «ሆረርሾው» ለእንግሊዝ ጆሮ የአስፈሪ ትርኢት ይመስላል፤ በሩሲያኛ ግን «ካራሾ»፣ ጥሩ ማለት ነው። ለእሳቸው ጭጋግ የነበረው ለእኔ ጠራራ ፀሐይ ሆነብኝ። እያንዳንዱን ዱላ በግልጽ እያየሁ ነው ያነበብኩት። ሁለት ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ተነሥቼ ውጭ ወጥቻለሁ። እኔም እንግዲህ ጥዬ የወጣሁ ሰው ነኝ ማለት ነው። ሩሲያኛ ባላውቅ ኖሮ እንደ ሌላው አንባቢ ዝም ብዬ እገልጠው ነበር።

ስለዚያ ቤት ትዕይንት ደግሞ ጽሑፋችሁ ያልነካው ነገር አለ። በ1944፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ በርጀስ በጂብራልታር ወታደር ሳለ፣ ባለቤቱን ለንደን ውስጥ ከአሜሪካ ጦር የከዱ ወታደሮች በጨለማ መንገድ ላይ ደብድበዋታል። በልብወለዱ ውስጥ ቤቱ የሚደፈርበት ሰው ጸሐፊ ነው። እየጻፈ ያለው መጽሐፍ ርዕስም «ኤ ክሎክወርክ ኦሬንጅ» ነው። በርጀስ የራሱን ቁስል ነው እዚያ ያስቀመጠው። እና አንዲት ሴት እዚያ ቦታ ላይ መቀመጥ ሲያቅታት ምኑ ነው ያልገባት? እኔ ከተመልካቹ ሁሉ በደንብ የገባቸው እሳቸው ናቸው ባይ ነኝ። የሳቁትንም አልኮንንም። አንዳንዱ የሚስቀው ስለሚፈራ ነው፤ ፊታቸውን በስክሪኑ ብርሃን አይቼዋለሁ።

ሌላም ያየሁት አለ። መንግሥት አሌክስን ከግፈኝነቱ «ሊያክመው» ወንበር ላይ አስሮ፣ የዓይኑን ቆብ በብረት ወጥሮ፣ የግፍ ፊልም በግድ ያሳየዋል። ቀረጻው ላይ የማክዶዌል ዓይን እውነት ተጭሯል። በየማታው እዚያ ላይ ከኋላ ሆኜ ሰዉን አያለሁ። ግማሹ በእጁ ዓይኑን ይሸፍናል። አሌክስ የተነፈገው ይህንን ነው። ዓይኑን መክደን፣ ተነሥቶ መውጣት። በርጀስ በዚህ መጽሐፍ የሚሟገተው ሰው መምረጥ ካልቻለ ሰው አይደለም ብሎ ነው። ታዲያ ስለዚህ ፊልም እየጻፍን፣ መርጦ የወጣውን ሰው እንዴት እንንቀዋለን?

የመጨረሻውን ነገር ልናገርና ላብቃ። መጽሐፉ 21 ምዕራፍ አለው። በመጨረሻው ምዕራፍ አሌክስ 18 ዓመት ሞልቶታል። ግፍ ይሰለቸዋል። የቀድሞ ጓደኛው አግብቶ ያገኘዋል። እሱም ሚስት፣ ልጅ ይመኛል። የአሜሪካው አሳታሚ ይህን ምዕራፍ አውጥቶ ጣለው። እዚያ አገር የተመለሰው በ1986 ነው። ኩብሪክም የተከተለው የአሜሪካውን ነው። የእንግሊዝ አንባቢ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጁ ነበረው።

ያን ማታ ፊልሙ አልቆ ባልየው ወጣ። እናትየው አሁንም ደረጃው ላይ ነበሩ። «እንዴት አለቀ?» አሉት። «ወደ ድሮው ተመለሰ። ዳንኩ ይላል» አላቸው። «ከዚያስ?» አሉ። «ከዚያማ አለቀ።»

«ልጅ የሚመኝበትስ?» አሉት።

ባልየው ምን እንደሚሉ አልገባውም። ካፖርታቸውን ያዘላቸው። ውጭ እየዘነበ ነበር፤ በሩን ከፈትኩላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከለንደን