ለአባቴ፦ ምርመራውን ስለማቋረጥዎ

ውድ አባቴ ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

«አምስት ዓመት ስላለፈኝ ድኛለሁ፤ ከእንግዲህ ከደሴ አዲስ አበባ አልመላለስም» ማለትዎን እኅቴ ነገረችኝ። በብዙ የካንሰር ዓይነቶች አምስት ዓመት ያለ ምልክት ማለፍ ትልቅ ተስፋ ስለሆነ ሰው ሁሉ በዚሁ ልክ መቁጠር ለምዷል። ከትናጋዎ ላይ የወጣው አዴኖይድ ሲስቲክ ካርሲኖማ የተባለው የምራቅ ዕጢ ካንሰር ግን በዚህ አቆጣጠር አይገዛም። እድገቱ አዝጋሚ ነው፤ ወደ አንገት ንፍፊትም እምብዛም አይሄድም፤ ነገር ግን የነርቭን መስመር ተከትሎ ይሳባል፣ አንዳንድ ጊዜም ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ሳንባ ላይ ይታያል። «በሽታዬ አፌ ውስጥ ሆኖ ፎቶ የሚነሣው ለምን ደረቴ ነው?» ብለው የጠየቁት መልሱ ይኸው ነው።

ሐኪሙ «ይመለሳል ወይም አይመለስም ማለት አልችልም» ሲልዎ የደበቀዎ ነገር ያለ መስሎዎት ነበር። እኔ ግን እውነቱን እንደነገረዎ አምናለሁ። ይህ በሽታ የሚገኘው የራስና የአንገት ካንሰር ካለባቸው መቶ ሰዎች በአንዱ ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ሐኪም በዕድሜው ሙሉ የሚያያቸው ሕሙማን ጥቂት ናቸው። ጠባዩን ለመገመት ከሚረዱት ዋነኛው ሕዋሳቱ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የተደረደሩበት ቅርጽ ነው፤ አንዳንዱ እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ አንዳንዱ እንደ ቱቦ፣ አንዳንዱም ክፍተት የሌለው ጥጥር ነው። ጥጥሩ ክፍል ከ30 በመቶ ሲበልጥ በሽታው ይከፋል ተብሎ ይሠጋል። የእርስዎ ውጤት በአብዛኛው እንደ ወንፊት መሆኑንና ጥጥር ክፍል አለመገኘቱን ሳነብ በደስታ አልቅሻለሁ። ሆኖም እዚያው ወረቀት ላይ ነርቭ መንካቱም ተጽፏል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አስቦ በሽታው መመለስ አለመመለሱን የሚነግረን ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች በዚህ ካንሰር ሕዋሳት ውስጥ ኤምዋይቢ እና ኤንኤፍአይቢ የተባሉ ሁለት ዘረ መሎች ተጣብቀው መገኘታቸውን አሳወቁ፤ ግኝቱ በሽታውን ከሌሎች የምራቅ ዕጢ ካንሰሮች ለመለየት ቢጠቅምም፣ በማን ላይ እንደሚመለስ ብቻውን አይናገርም።

ስለዚህ ክትትሉን እንዳያቋርጡ እለምንዎታለሁ። ሳንባ ላይ የሚታየው ነገር ጥቂትና ትንሽ ሳለ ከተደረሰበት ለአንዳንዱ ሰው በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል፤ እድገቱ ዝግ ያለለትም በክትትል ብቻ ዓመታት ይኖራል። ጉንጭዎ ወይም የላይኛው ከንፈርዎ ቢደነዝዝ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይደውሉልኝ።

የትራንስፖርቱን ነገር ለእኔ ይተዉት፤ መናኸሪያ መጥቼ እቀበልዎታለሁ። የድሮውን የናሙና ውጤትና ያለፈውን ዓመት የሲቲ ስካን ሲዲ ይዘው ይምጡ፤ ሐኪሙ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ማስተያየት ይፈልጋል።

ልጅዎ