ሁለቱ የወተት ሳጥኖች

ለልጄ፣

እንደምን አለህልኝ የኔ ጌታ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ሲገባ ጉልበቴ እንደልማዱ ነው፣ ሌላ ምንም የለብኝም። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡናዬን አፍልቼ ብቻዬን ተቀምጫለሁ። በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ጀምሬ አፌ ተሳሰረብኝ፣ ስለዚህ ልጻፍልህ አልኩ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንዛወር፣ ሁለት የወተት ሳጥን ሙሉ የሙዚቃ ሸክላህን አውጥቼ የቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ይህን ታውቃለህ። "አጠፋሁ ልጄ" ስልህ ግን ሰምተህ አታውቅም። አዲሱ ቤት ጠባብ ነው፣ ሳጥኖቹ አቧራ አቧራ ይሸታሉ እያልኩ ለራሴ ምክንያት ስደረድር ኖሬያለሁ። ማታ ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጠህ አገኘሁህ። የቆሻሻ መኪናው ቀድሞህ ነበር። እጅህ ላይ የቀረው አንድ ባዶ ካርቶን ነው፣ ሲጭኑ የወደቀ፣ ጠርዙ ጭቃ የነካው። "ምንም አይደል እማዬ" አልከኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ፈርቼልህ ነው ልጄ። ያኔ ሂፕ ሆፕ ሲባል እኔ የማውቀው በቴሌቪዥን የሚታየውን ነው፤ የወርቅ ሰንሰለቱን፣ ስድቡን፣ ሴት ልጅ የምትዋረድበትን ግጥም። እናቶች ስንገናኝም ወሬያችን እሱ ነበር። ስድቡን ዛሬም አልወደውም፣ አልዋሽህም። ግን አንተና ጓደኞችህ የያዛችሁት ሌላ ነገር እንደሆነ በዓይኔ አይቼ ነበር እኮ! ለዚህ ነው ጥፋቴ የሚከብደኝ።

አንድ ቅዳሜ ድፎ ዳቦ ቆርሼ ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ። አምስት ሆናችሁ አንዲት ሸክላ ማጫወቻ ከባችኋል። ያ ረጅሙ ጓደኛህ መርፌዋን ያነሳታል፣ መልሶ እዚያው ቦታ ላይ ያሳርፋታል፣ ደግሞ ያነሳታል። ዘፋኙ ዝም ያለበት፣ ጊታሩም ዝም ያለበት፣ ከበሮው ብቻውን የቀረበት ቦታ፤ አራት ሰከንድ ብትሞላ ነው። "ብሬክ ናት እማዬ" አልከኝ በሹክሹክታ፣ ቅዳሴ ላይ እንዳለ ሰው። ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። ከበሮውን የመታው ማን ነው? ሸክላው የታተመው መቼ ነው? ማን ወስዶ ራፕ አደረገበት? አንዱ ዓመቱን ሲስት አራታችሁ ተነሳችሁበት። የጽዋ ማኅበር ነው የመሰለኝ። ዳቦውን አስቀምጬ ወጣሁ፣ ነገሩንም ረሳሁት።

ባለፈው ዓመት በእረፍት ቀኔ ከአንዲት የሥራ ጓደኛዬ ጋር ዋሽንግተን የሚገኘውን የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ለማየት ሄድን። ሙዚቃው ክፍል ጢሙ የሸበተ ሰው አንድ መስታወት ፊት ቆሞ እንባው አቅርሯል። ውስጥ ያለው አስራ ስድስት ቁልፍ የተደረደረበት መሣሪያ ነው። ምን እንደሆነ ብጠይቀው ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። የጄ ዲላ ኤምፒሲ ነው፣ የሙዚቃ ምት የሚሠራበት ማሽን፤ ጄ ዲላ የሂፕ ሆፕ ሙዚቃ የሚያቀናብር የዲትሮይት ልጅ ነበር። ሌላው ሰው ምቱን ማሽኑ እንዲያስተካክልለት ሲተው እሱ በጣቱ እየመታ፣ ትንሽ ዘግየት ትንሽ ቀደም እያደረገ፣ ሰው እንደሚራመደው እንዲሄድ ያደርገው ነበር አለኝ። ደሙን የሚያጠቃ በሽታ ይዞት ሆስፒታል ሲተኛም የሙዚቃ መሣሪያና ሸክላ አብረውት ነበሩ። ጣቶቹ ሲያብጡ እናቱ እያሸችለት ይሠራ ነበር። የመጨረሻው አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. የካቲት 7 ቀን 2006፣ 32 ዓመት በሞላበት ቀን ነው፤ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። መሣሪያውን ለሙዚየሙ የሰጠችውም እናቱ ናት፣ እናንተ "ማ ዱክስ" የምትሏት።

እሷ የልጇን ጣት አሸች። እኔ ያንተን ሸክላ ገንዳ ጋ አወጣሁ። ወደ ቤት ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ጓደኛዬ "ምን ሆንሽ?" ስትለኝ መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሂፕ ሆፕ አጀማመር ያገኘሁትን አነባለሁ፣ አዳምጣለሁ። ብዙውን አንተ ታውቀዋለህ፣ ግን ከእናትህ አፍ ስማው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1973 ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520፣ ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጃገረድ ለትምህርት ቤት ልብስ መግዣ እንዲሆናት ድግስ ደገሰች። መግቢያው ለሴት 25 ሳንቲም፣ ለወንድ 50 ነበር። ሙዚቃውን ያጫወተው ወንድሟ ኩል ሄርክ ነው። ከጃማይካ የመጣ የስደተኛ ልጅ ነው፣ እንደ አንተ። ጨፋሪው ያችን ከበሮ ብቻ የምትቀርባትን ቦታ እንደሚጠብቅ ያየ እሱ ነው፤ አንድ ዓይነት ሁለት ሸክላ ይዞ፣ አንዱ ሲያልቅ በሌላው እየቀጠለ አስረዘማት። ድምፅ ማጉያው ደግሞ የአባቱ ነበር። ሌሎች ዲጄዎች እንዳይቀዱበት ሸክላው መሃል ላይ ያለውን ስም ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ያነሳው ነበር፣ ስሙን ደብቅ ብሎ የመከረውም አባቱ ነው።

ሸክላን በእጅ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያሉ ማጮኹስ? እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ግራንድ ዊዛርድ ቴዎዶር የሚባል ልጅ ክፍሉ ውስጥ ሲያጫውት እናቱ በሩን መትታ "ቀንሰው!" ትለዋለች። እሷን ሲሰማ ሸክላውን በእጁ ይዞ ሲያንቀሳቅሰው ያን ድምፅ ሰማ። እንደኔ የምትቆጣ እናት ናት እንግዲህ። ግን ተቆጥታ ሄደች እንጂ ሸክላውን አልጣለችበትም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳየኸኝ ነገር ነው። ሽንኩርት እየከተፍኩ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረግክልኝ፤ "እማዬ፣ ስሚማ።" ራፐሩ ናስና የሬጌው ዘፋኝ ዴሚየን ማርሊ ናቸው፣ ያን ዓመት አብረው ባወጡት አልበም መጀመሪያ ላይ ያለው ዘፈን። እኔ ግጥሙን መች ሰማሁ! ከሥሩ የሚሄደው ዜማ ነው ቢላዋዬን ያስጣለኝ። "ይሄማ የኛ ነው! ሙላቱ ነው!" ብዬ ጮህኩ። የሙላቱ አስታጥቄ "የግሌ ትዝታ" ነበር። አንተ ግን ሳትነግረኝ ቀድመህ ታውቀው ነበር፣ ጆሮዬን ልትፈትነኝ ነው። ፊትህ እንዴት እንዳበራ! ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኦ ኖ የሚባል የካሊፎርኒያ ሰው አንድ ሙሉ አልበም ከኢትዮጵያ ሸክላዎች ቆርጦ እንደሠራም ያን ቀን ነገርከኝ። እኛ ካሴት መጣ ብለን የተውነውን ሸክላ የሰው አገር ልጆች አቧራ ውስጥ ተንበርክከው ይፈልጉታል። አንተም ከእነሱ አንዱ ሆነህ የእናትህን አገር በዚያ በኩል አገኘሃት። እኔ በአማርኛ ትምህርት ቤት ላስገባህ ስታገል፣ አንተ ለካ በሌላ በር ገብተሃል። ሳጥኖቹን ስጥል ውስጣቸው የአገር ቤት ሸክላ እንዳለ አላየሁም። ከፍቼ አላየሁማ።

የጣልኩትን መመለስ አልችልም። ዝርዝሩን በቃልህ እንደያዝከው ጓደኛህ ነግሮኛል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ይቅር በለኝ ልጄ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ትንሽ ሸክላ ልኬልሃለሁ። አጎትህ አዲስ አበባ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ያገኘው ነው፣ አምሃ እሸቴ ካሳተማቸው አንዱ። አንድ ቦታ ጫር ብሏል፣ ሌላው ደህና ነው። እንዳይሰነጠቅ በነጠላዬ ጠቅልዬ በሁለት ካርቶን መሃል አድርጌዋለሁ። ስሙን በነጭ ወረቀት ሸፍኜዋለሁ፤ አትደንግጥ፣ ሙጫ አልነካውም። በጆሮህ ለየው።

ስታጫውተው ደውልልኝ፣ ስልኩንም ማጫወቻው አጠገብ አስቀምጠው። ከበሮው ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ካለው፣ መርፌዋን እያነሳህ ደጋግመህ አሰማኝ።

እናትህ