ለጋሼ ያልወጣው የሐዘን ማስታወቂያ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

በማተሚያ ቤት አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ ባልደረባዬ ባለፈው ወር ዐረፉ። መርዶው እኔ ዘንድ የደረሰው ቀብሩ ካለፈ፣ ድንኳኑም ከተነሣ በኋላ ነው። በጣም አዝኛለሁ። የምጽፈው ስለ እሳቸው ትንሽ ለመናገርና እናንተንም አንድ ነገር ለመለመን ነው።

ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ቤተሰባቸውን ሳላስፈቅድ ስማቸውን አልጽፍም፤ አራት ኪሎ አብረዋቸው የሠሩ ግን ያውቋቸዋል። የጀመሩት በእርሳስ ፊደል ዘመን፣ በፊደል ለቃሚነት፣ ማለትም ለኅትመት የእርሳስ ፊደሎችን አንድ በአንድ እየለቀሙ በመደርደር ነው። የኛ ፊደል ለዚህ ሥራ ከባድ ነው። 33ቱ ፊደላት በየ7 ቤታቸው 231 ይሆናሉ። ዲቃላው፣ ቁጥሩና ነጥቡ ሲጨመር ደግሞ የበለጠ። ጋሼ ዐይናቸውን ከጽሑፉ ሳያነሡ እጃቸው የሚፈልገውን ያገኝ ነበር። እርሳሱ ላይ ተገልብጦ የተቀረጸውን ፊደልም እንደ ቀና ጽሑፍ ያነቡት ነበር።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ወደ እርማት ክፍል ተዛወሩ። እዚያ የሐዘን ማስታወቂያ ከመጣ ለማንም አይለቁም። ራሳቸው ሁለት ሦስቴ ያነቡታል። ከተጠራጠሩ ለሟች ቤተሰብ ይደውላሉ፤ «የአባታቸው ስም በሐመሩ ሐ ነው ወይስ በብዙኃኑ ኀ?» ብለው ይጠይቃሉ። ወጣቶቹ «ጋሼ፣ ሲነበብ ያው አይደል?» ሲሏቸው፣ «ይህ ሰው ስሙ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ዛሬ ብቻ ይሆናል፤ አናበላሽበት» ይሉ ነበር።

ደመወዝ የወጣ ቀን ፒያሳ፣ ቶሞካ ሄደን ቆመን ቡና እንጠጣለን። የአዲስ ተቀጣሪዎቹን ሒሳብ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው።

ጡረታ ከወጡ በኋላም የምንጠያየቀው በሰፈር ነበር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ ጋሼም ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። ጎረቤት ሁሉ በየአቅጣጫው ተበተነ። ድሮ የእድር ጥሩምባ ሲነፋ ጎረቤት ለጎረቤት ይነግራል፤ እኩለ ቀን ሳይሆን መሥሪያ ቤት ይሰማል። አሁን ማን ለማን ይንገር? ብዙዎቻችን ቴሌግራም ላይ የለንም። አንዳችን የሌላውን አዲስ ስልክ አናውቅም።

ልመናዬ ይህ ነው። በሳምንት አንዴ፣ ከገጻችሁ ጥግ ላይ፣ ያረፉ ጡረተኞችን ስም፣ ይሠሩበት የነበረውን መሥሪያ ቤትና የለቅሶውን ቦታ በነፃ አውጡልን። ፎቶ አያስፈልግም። ሁለት መስመር ይበቃል። ቀብር ባንደርስ እንኳ ቤተሰቡን ለማጽናናት እንደርሳለን። አራሚ ካጣችሁ እኔ በነፃ አነብላችኋለሁ።

የጋሼ አርባ የፊታችን እሑድ ነው። የድሮ ባልደረቦች፣ ጠዋት 1 ሰዓት አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ እንገናኝ። ቤታቸው ሩቅ ስለሆነ ሚኒባስ ተከራይተን አብረን እንሄዳለን።

የቀድሞ ባልደረባቸው
ከአራት ኪሎ