በኖራ የጠጠረ አፈር ውሃ አያለሰልሰውም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጠንካራ አፈር በተነሣ ቁጥር የሚሰጠው ምክር «ውሃ አጠጡት፣ በጥልቀት እረሱት፣ ኮምፖስት ጨምሩበት» ነው። ለተረገጠ አፈር ይሠራል። ከሥሩ በካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም በኖራ፣ ለተጣበቀ መሬት ግን ከንቱ ድካም ነው።

መለየቱ አይከብድም። ከጠንካራው ክፍል እንቁላል የሚያህል ጓል አውጥታችሁ አድርቁና ውሃ ውስጥ ንከሩት። ተራ አፈር የቱንም ያህል ቢጠነክር ይፈርሳል፣ ውሃውም ይደፈርሳል። በኖራ የተጣበቀው አድሮም ቅርጹን አይለቅም። ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ያወጣል። አረፋው ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ኖራ የበዛበት ልል አፈርም ያረፋልና። ሁለቱን ምልክቶች አብራችሁ ፈልጉ።

ዝናብ ባጠረው አካባቢ ውሃው ኖራውን አሟሙቶ ወደ ታች ያወርደዋል፣ ጠርጎ ለማውጣት ግን አይበቃም። ውሃው ሲተን ወይም በዕፅዋት ሥር ሲመጠጥ ኖራው እዚያው ይቀራል። በመጀመሪያ ነጫጭ እንክብሎች ይታያሉ፤ ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ ተጣብቆ ጠንካራ ወለል ይሆናል።

ችግኝ ከመትከላችሁ በፊት 40 ሴንቲሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉት፤ ሲሰርግ ድገሙ። በሁለተኛው ዙር በሰዓት ከ2 ሴንቲሜትር በታች ከወረደ እዚያ አትትከሉ፤ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ ጨውም ይጠራቀማል። ወለሉ ስስ ከሆነ ከሥሩ ያለው ልል አፈር እስኪገኝ በድጅኖ ብሱት። ነጩን ፍርስራሽ ወደ ጉድጓዱ አትመልሱ፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ወፍራም ከሆነ 50 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩበት።

«ድኝ ያሟሟዋል» የሚሉ አሉ። ሒሳቡን እንሥራው። 1 ኪሎ ኖራ ለማሟሟት 320 ግራም ድኝ ያስፈልጋል። የአንድ ሄክታር የላይኛው 15 ሴንቲሜትር አፈር 2,000 ቶን ገደማ ይመዝናል። ከዚህ 1 በመቶው ብቻ ኖራ ቢሆን 6.4 ቶን ድኝ ይጠይቃል፤ ጠንካራው ወለል ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ኖራ አለው። ጂፕሰምም (ጀሶ) ሶዲየም ላጠቃው አፈር እንጂ ለዚህ አይረዳም።

ለጋ ቅጠሎች ጅማታቸው አረንጓዴ እንደሆነ መሀላቸው ቢጫ ከሆነ ብረት አንሷቸዋል። ብረቱ በአፈሩ ውስጥ አለ፤ ፒኤቹ (የአሲድነቱና የአልካሊነቱ መለኪያ) 8 አካባቢ ስለሆነ ግን አይሟሟም። ስትገዙ ኢዲዲኤችኤ የተባለውን የብረት ኬሌት (ብረቱን ይዞ ሟሙቶ እንዲቆይ የሚያደርግ ውህድ) ጠይቁ፤ ኢዲቲኤው በዚህ ፒኤች ብረቱን ይለቀዋል።

ከሰላምታ ጋር
የአፈር ባለሙያ