የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ዕውቀት ለሠፈር ጋራዦችም ይድረስ

የተከበሩ አዘጋጅ፦

ጋዜጣችሁ ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የሚያወጣቸውን ዘገባዎች በትኩረት እከታተላለሁ። አብዛኞቹ የሚያተኩሩት በመኪኖቹ ዋጋ፣ በቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች እጥረትና አገሪቱ ለነዳጅ በምታወጣው የውጭ ምንዛሪ ላይ ነው። ሁሉም ሊነሡ የሚገባቸው ጉዳዮች ናቸው። ሆኖም መኪናው ተገዝቶ ቤት ከደረሰ በኋላ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል የሚለው ጥያቄ የሚገባውን ቦታ ያገኘ አይመስለኝም። ሳሪስ አካባቢ የሠፈር ጋራዥ የማስተዳድር መካኒክ ነኝ፤ ጥያቄው በየሳምንቱ ግቢያችን ድረስ የሚመጣ ስለሆነ፣ የደረስንበትን ደረጃና የምንጠይቀውን ነገር ለአንባቢዎቻችሁና ለሚመለከታቸው ኃላፊዎች ማሳወቅ ወደድሁ።

ጋራዣችን ሥራ የጀመረው በአንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሥር የፍሬን ሸራ በመቀየር፣ ካንዴላ በማጽዳትና ዘይት በመለወጥ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞቻችን የሚኒባስ ታክሲ ሾፌሮችና ዲኤክስ ኮሮላቸውን ዓመት ከዓመት እያደሱ የሚነዱ የሠፈራችን ነዋሪዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ዛሬም ከእኛ ጋር ናቸው። ሥራው እየሰፋ ሲሄድ የሞተርና የካምቢዮ ሥራ፣ አውቶ ኤሌክትሪክ፣ ባትላሜራና ቀለም በየራሳቸው ክፍል ተለይተዋል። ግቢው ሲሚንቶ ተነጥፎለታል፤ የተቃጠለ ዘይት ወደ ፍሳሽ ቱቦ እንዳይገባ በበርሜል የሚጠራቀምበት ቦታ ተበጅቷል። ይህን የምጠቅሰው በየግቢው የሚደፋው ዘይት የት እንደሚደርስ የአቃቂን ወንዝ ያየ ሁሉ ስለሚያውቀው ነው። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለልምምድ ከመጡት ወጣቶች አንዳንዶቹ በዚያው ሠራተኞቻችን ሆነዋል፤ ዛሬ የአውቶ ኤሌክትሪክ ክፍሉን የምትመራው ባልደረባችንም በዚሁ መንገድ የመጣች ናት። በዚህ ዓመት ደግሞ በአጠገባችን የነበረውን ባዶ ቦታ ተከራይተን ለኤሌክትሪክ መኪና ብቻ የሚያገለግል፣ ደረቅና የተከለለ የሥራ ክፍል ከፍተናል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ክፍል ነው።

ወደዚህ ያደረሰን የራሳችን ምርጫ ብቻ አይደለም። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ላይ የነበረውን የተጨማሪ እሴት፣ የኤክሳይዝና የሱር ታክስ አንሥቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው በሚገቡት ላይ 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፈል አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከላቸው ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ሶማሌ ተራ ሄዶ ለቪትዝ ራዲያተር የጠየቀ ሰው ልዩነቱን በኪሱ ያውቀዋል። የነዳጅ ዋጋም በየጊዜው ጨመረ። ስለዚህ አቅም ያለው ቤተሰብም ሆነ በመኪናው የሚተዳደር ሾፌር ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ማዞሩ አያስገርምም። ኃይሉ በአብዛኛው ከራሳችን ወንዞች የሚመነጭ በመሆኑ እኔም አቅጣጫውን ከልቤ እደግፋለሁ።

ችግሩ መኪኖቹ በገቡበት መንገድ ላይ ነው። ወደ እኛ ከሚመጡት ብዙዎቹ የጥገና ማዕከልና የመለዋወጫ መጋዘን ባላቸው ወኪሎች በኩል የገቡ ሳይሆኑ በግለሰብ አስመጪዎች የመጡ ናቸው። ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ ስክሪናቸው ላይ የሚነበበው ቻይንኛ ነው፤ የቻርጅ መሰኪያቸውም የቻይናን ደረጃ የተከተለ ነው። ሻጩ ቁልፉን አስረክቦ ሂሳቡን ሲቀበል ከገዢው ጋር የነበረው ጉዳይ በዚያው ያበቃል። ከወራት በኋላ የማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ፣ የሚሄድበት ያጣው ባለመኪና የሚመጣው የቀድሞ ኮሮላውን ለዓመታት ሲሠራለት ወደኖረው መካኒክ ነው። መካኒኩ "አላውቀውም" ብሎ ቢመልሰው ደንበኛውን ያጣል፤ ሳያውቀው ቢነካው ደግሞ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

በቅርቡ አንድ ደንበኛችን የኤሌክትሪክ መኪናቸውን በጭነት መኪና አስጭነው አመጡልን። መኪናው ሙሉ ቻርጅ ሆኖ ቢያድርም ጠዋት በሩ በሪሞት አልከፈት ብሏል፤ ስክሪኑም ጨለማ ነው። አስቀድመው የጠየቁት ባለሙያ ትልቁ ባትሪ ስለሞተ መቀየር አለበት ብሏቸው ኖሮ በጣም ተጨንቀው ነበር፤ የዚያ ባትሪ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዝ ነውና። ባልደረባችን በሩን በመጠባበቂያው ቁልፍ ከፍታ፣ ኮፈኑን አንሥታ መጀመሪያ የለካችው ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነበር። ባትሪዋ ደክማለች። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ኮምፒውተሮቹን የሚያስነሣውና ዋናውን ኃይል እንዲገናኝ የሚያዘው ከዚህች ትንሽ ባትሪ የሚገኝ ኃይል ነው፤ እሷ ስትደክም ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው በድን ይሆናል። ባትሪዋ ተቀየረች፣ የተመዘገቡት የስሕተት ኮዶች ተነበው ጠፉ፣ ደንበኛችንም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እየነዱ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ይህን ለማወቅ የአንድ ቀን ሥልጠና ይበቃል። ሥልጠናው ባለመኖሩ ግን አንድ ቤተሰብ አላስፈላጊ ዕዳ ውስጥ ሊገባ ነበር።

ከፍተኛውን ኃይል የሚመለከተው ሥራ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የእነዚህ መኪኖች ዋና ባትሪ በአብዛኛው ከ300 እስከ 400 ቮልት፣ በአንዳንዶቹም ከዚያ በላይ የሆነ ኃይል የሚይዝ ሲሆን፣ ይህን ኃይል የሚያስተላልፉት ኬብሎች በብርቱካናማ ሽፋን ተለይተው ይታወቃሉ። በእኛ ክፍል ወደነዚህ ኬብሎች የሚጠጋ ሠራተኛ በመጀመሪያ ቀለበቱንና ሰዓቱን ያወልቃል። እስከ 1000 ቮልት የሚቋቋመውን የላስቲክ ጓንት ከአፉ በኩል ጠቅልሎ አየር እንዲይዝ በማድረግ የተቀደደ አለመሆኑን ይፈትሻል። ከዚያ የ12 ቮልቱን ባትሪ ይነቅላል፤ ቀጥሎም ዋናውን ኃይል የሚያቋርጠውን መሰኪያ ያወጣና ሌላ ሰው ባለማወቅ እንዳይመልሰው ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ ያኖረዋል። ከዚህ በኋላ የሚጠበቅበት መታገሥ ነው፤ በካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪወጣ አምራቹ ያዘዘው ደቂቃ ሊሞላ ይገባል። በመጨረሻ በመልቲሜትር ለክቶ ዜሮ መሆኑን ሳያረጋግጥ አንድ ብሎን አይፈታም፤ ሁለተኛ ሰውም ከአጠገቡ አይለይም። በሌሎች ቦታዎች ባዶ እጅና ተራ ካቻቢቴ ይዘው እነዚያኑ ክዳኖች የሚከፍቱ ወጣቶች አይቻለሁ። ጎበዞችና ሥራ ወዳዶች ናቸው፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ጉብዝናቸው ነው፣ ማንም አደጋውን አላሳያቸውምና።

ከከፍተኛው ቮልት ጋር በማይገናኘው ሥራ ላይ እንኳ ልዩነቱ ብዙ ነው። የእነዚህ መኪኖች ባትሪ ከወለላቸው ሥር ስለተዘረጋ፣ ጎሚስታው ክሪኩን ከተመደበለት ቦታ ውጭ ቢያስገባ የባትሪውን ሽፋን ሊያጎብጥ ይችላል። በራዲያተር ላይ የቧንቧ ውኃ መጨመር የለመደ እጅ ለባትሪው ማቀዝቀዣ የተወሰነውን ፈሳሽ በውኃ ቢያቀጥነው ጉዳቱ ወዲያው ሳይሆን ቆይቶ ይታያል። መኪናው ፍጥነቱን የሚቀንሰው በአብዛኛው በሞተሩ ስለሆነ የፍሬን ሸራው ቶሎ አያልቅም፤ ነገር ግን ፍሬኑ ብዙ ባለመሥራቱ ምክንያት በተለይ በክረምት ዲስኩ ይዝጋል፣ የፍሬኑ ተንቀሳቃሽ አካላትም ይጣበቃሉ። ስለዚህ "ሸራው ገና ነው" ብሎ ሳይፈቱ ማለፍ ስሕተት ነው። መኪኖቹ ከባድ በመሆናቸው ጎማ ቶሎ ይበላሉ። እነዚህን ነገሮች ባለመኪኖችም ቢያውቁዋቸው ይጠቅማል ብዬ ነው በዝርዝር መጻፌ።

እዚህ የደረስነው በግል ጥረት ነው። ውጭ አገር በጋራዥ ሥራ ላይ ያሉ ወገኖቻችን የላኩልንን ማብራሪያ አንብበናል፤ የምርመራ መሣሪያውንና ጓንቱን ከራሳችን ገቢ ገዝተናል። ነገር ግን የአምራቹ የጥገና መጽሐፍ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ሥዕልና የኮምፒውተሩ ሙሉ የምርመራ ፕሮግራም በጥቂቶች እጅ ብቻ ይገኛሉ፤ አንድ የሠፈር ጋራዥ በገንዘቡ እንኳ እገዛለሁ ቢል የሚያገኝበት የታወቀ መንገድ የለም። የባትሪ ሥራ አደገኛ ስለሆነ ለተመረጡ ማዕከላት ብቻ መተው አለበት የሚል ክርክር እሰማለሁ። ስለ አደጋው እስማማለሁ፤ የባትሪውን ሳጥን ከፍቶ ሴሎቹን መቀየርም ከፍ ያለ ደረጃ ለተሰጠው ማዕከል ቢወሰን ተቃውሞ የለኝም። ነገር ግን የእነዚህ ማዕከላት ቁጥር ጥቂት በሆነበትና መኪናው ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ድሬዳዋ ጭምር በሚሄድበት ሁኔታ፣ ዕውቀቱን መገደብ ሰዎቹን ከመንካት አያግዳቸውም፤ ሳያውቁ እንዲነኩ ያደርጋቸዋል እንጂ።

ስለሆነም ሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና በሥሩ ያሉት አካላት በሥራ ላይ ላሉ መካኒኮች የሚሆን አጭር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ደኅንነት ሥልጠና በማታና በቅዳሜ እንዲያዘጋጁ እጠይቃለሁ። ቤተሰብ የሚያስተዳድር መካኒክ ሥራውን ትቶ ወራት የሚፈጅ ትምህርት ቤት ሊገባ አይችልም፤ ጓንት መፈተሽን፣ ኃይል ማቋረጥንና መለካትን ግን በጥቂት ቅዳሜዎች ሊማር ይችላል። ሥልጠናውን የጨረሰ ሰው በሙያ ብቃት ምዘና ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ቢያገኝ፣ ባለመኪናውም መኪናውን ለማን እንደሚሰጥ ያውቃል። ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ደግሞ መኪና የሚያስመጣ ሁሉ የጥገናውን መጽሐፍና የተለመዱ መለዋወጫዎችን አብሮ እንዲያቀርብ ቢያስገድድ፣ ቢያንስ የፍሬን፣ የሞላና የአሞርዛተር፣ እንዲሁም የማቀዝቀዣ ሥራው በየሠፈሩ በአግባቡ ይሠራ ነበር። ለመኪናው የተሰጠው የታክስ ማበረታቻ ለመከላከያ ጓንት፣ ለተሸፈኑ መፍቻዎችና ለምርመራ መሣሪያዎችም ቢታሰብ፣ መንግሥት የሚያጣው ገቢ ትንሽ ሲሆን የሚያተርፈው ግን የሰው ሕይወት ጭምር ነው። የቦታ ጉዳይም አለ፤ ከዓመት ዓመት በሚታደስ ኪራይ ላይ የተመሠረተ ጋራዥ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ወጪ ለማውጣት ያመነታል፤ ከተማዋ በምትታደስበት በዚህ ወቅት ለጥገና ሥራ የሚሆን ቦታ በየክፍለ ከተማው በዕቅድ ቢያዝ መልካም ነው።

በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖቻቸውን ይዘው ለሚመጡ ደንበኞቻችን የምለው ሥራችሁ አይቀንስም፣ ወረፋችሁም አይራዘምም ነው። እነዚያ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት በመንገዶቻችን ላይ ይቆያሉ፤ የሞተርና የካምቢዮ ክፍላችንም እንደተለመደው ይቀጥላል፤ ከቦሎ በፊት የሚደረገው የፍሬን፣ የመሪና የመብራት ፍተሻም እንዲሁ። አዲሱ ክፍል የተከፈተው የእነርሱን ቦታ ሳይነካ ነው።

አዲሱን ክፍላችንን ከሥራ ሰዓት ውጭ ለተማሪዎች ልምምድ በነፃ ለመስጠት ዝግጁ መሆናችንን በአቅራቢያችን ለሚገኝ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በጽሑፍ አሳውቀን መልሱን እየጠበቅን ነው። የሌሎች ሠፈሮች ጋራዥ ባለቤቶችም የምንሠራበትን ቅደም ተከተል ማየት ቢፈልጉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊመጡ ይችላሉ፤ ግድግዳው ላይ በአማርኛ ጽፈን የሰቀልነውን የደኅንነት መመሪያ ቅጂም እንሰጣቸዋለን። ጋዜጣችሁ የሚመለከታቸውን ሁለቱን ሚኒስቴሮች ጠይቆ ስለ ሥልጠናውና ስለ ጥገና መጽሐፎቹ ያላቸውን ዕቅድ ቢያስነብበን፣ በመላ አገሪቱ ያሉ መካኒኮች ለቀጣዩ ዓመት ራሳቸውን የሚያዘጋጁበት መረጃ ያገኛሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ የጋራዥ ባለቤት
ሳሪስ፣ አዲስ አበባ