ለአባባ፦ ከማዘጋጃ ቤቱ ስለመጣው ደብዳቤ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማማንስ ጉልበቷ ተሻላት?

እህቴ ከከተማችሁ ማዘጋጃ ቤት የመጣውን፣ ስምዎና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎ (ሶሻልዎ) ከከተማው ኮምፒውተር ተሰርቆ ሊሆን ይችላል የሚለውን ደብዳቤ በስልክ አነበበችልኝ። እርስዎ ግን «እኔ ምን አለኝና ምን ይወስዱብኛል» ብለው ከማስታወቂያ ወረቀቶቹ ጋር ሊጥሉት ነበር አሉ። አደራዎን አይጣሉት። ፖስታውም ጭምር ይቀመጥ፤ ላዩ ላይ ያለው ቀን ኋላ ያስፈልገናል።

«ማዘጋጃ ቤት የኔን ሶሻል ከየት አመጣው?» ማለትዎንም ሰምቻለሁ። ከእርስዎው ነው እንጂ። የኦሃዮ ከተሞች ከፌደራሉና ከስቴቱ ሌላ የራሳቸውን የገቢ ግብር ይሰበስባሉ። ሌላው ሰው አሠሪው ከደመወዙ ይቆርጥለታል፤ እርስዎ ታክሲ ሲነዱ አለቃ ስላልነበረዎት የከተማውን ቅጽ ሶሻልዎን እየጻፉ ያስገቡት ራስዎ ነዎት። የታክሲ ፈቃዱ አለ፣ የውሃ ሒሳቡ አለ፣ እየተነጫነጩ የከፈሉት የትራፊክ ቅጣትም አለ። እርስዎ ጡረታ ወጡ እንጂ ወረቀቱ ጡረታ አልወጣም።

ሌቦቹ የሚፈልጉት ባንክ ያለችዎትን ብር ብቻ አይደለም። ስምዎን ነው። የቤት ዕዳውን ጨርሶ የከፈለ፣ አንድ ቀን ሳያሳልፍ የኖረ ሰው ስሙ ብቻውን ብድር ያስገኛል። በዚያ ስም ክሬዲት ካርድ ያወጣሉ፣ መኪና ይወስዳሉ፣ የታክስ ተመላሽ ይቀበላሉ። ባለስሙ የሚሰማው ዕዳ ሰብሳቢ ሲደውልለት ነው።

ደብዳቤው «መረጃው አላግባብ ጥቅም ላይ ስለመዋሉ እስካሁን ማስረጃ አላገኘንም» የምትል ዓረፍተ ነገር አለችበት። እሷ አታረጋጋዎት። አጠገባችሁ ያለችውን ኮለምበስን ያስታውሱ። በጁላይ 2024 ራይሲዳ የሚባል ቡድን የከተማዋን ኮምፒውተሮች ሰብሮ ገባ። የጠየቀውን ገንዘብ ሲያጣ የሰረቀውን ከፊሉን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ለቀቀው። ከንቲባው በኦገስት ወጥተው የተሰረቀው መረጃ የተቆለፈ ወይም የተበላሸ ስለሆነ ለማንም አይጠቅምም አሉ። ብዙም ሳይቆይ አንድ የኮምፒውተር ደህንነት ባለሙያ መረጃው እንደሚነበብ ለጋዜጠኞች አሳየ። ከተማዋ ምን አደረገች? ሰውየውን ከሰሰችው! በኋላ ግን ወደ 500,000 ለሚጠጋ ሰው መረጃችሁ ተወስዶ ሊሆን ይችላል የሚል ማሳወቂያ ላከች። ስለዚህ «ማስረጃ የለም» ሲሉ ገና አላየንም ማለታቸው ነው ብለው ይውሰዱት።

ደብዳቤው ላይ ያለውን ነፃ የክሬዲት ክትትል እንቀበለዋለን። ክፍያ የለውም፤ የመመዝገቢያው ቀን ግን ያልፋል፤ ብዙ ሰው የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው። ይሁንና ክትትል ዘበኛ አይደለም። ሌባው ከገባ በኋላ ገብቷል ብሎ የሚነግር ነው። በሩን የሚዘጋው «ክሬዲት ፍሪዝ» የሚሉት ነው። ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉት ሦስቱ ድርጅቶች የእርስዎን የብድር ታሪክ ለአዲስ አበዳሪ እንዳያሳዩ ማገድ ነው። አበዳሪው ታሪኩን ካላየ አብዛኛውን ጊዜ አያበድርም። ለሦስቱም ለየብቻ መጠየቅ ግድ ነው፤ አንዱ ለሌላው አይናገርም። ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮ በሕግ ነፃ ነው። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከጠየቅን በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ማገድ አለባቸው፤ እርስዎ ብድር ሲፈልጉ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይከፍቱታል። ያሉዎት ካርዶች እንደወትሮው ይሠራሉ፣ ጡረታዎም አይነካም።

ችግሩ የት እንደሚመጣ ከወዲሁ ልንገርዎ። መጀመሪያ ማንነትዎን ያጣራሉ። የእርስዎ ስም መንጃ ፈቃዱ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ ሶሻል ካርዱ ላይ በሌላ፣ ባንክ ደግሞ የአያት ስም መሐል ገብቶበት ነው የተጻፈው። የልደት ቀንዎም ኬንያ እያላችሁ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተሞላው ነው፤ ስንቱ የኛ ሰው በዚያ ቀን ነው የተወለደው! ኮምፒውተሩ ይህን ሲያይ «ማረጋገጥ አልቻልንም» ብሎ ይዘጋል። አይናደዱ፣ ደጋግመውም አይሞክሩ። በፖስታ እንልከዋለን። የመታወቂያው ቅጂና አድራሻዎ ያለበት የውሃ ወይም የመብራት ቢል አብሮ ይገባል፤ ከደረሳቸው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ማገድ አለባቸው። ለእማማም በስሟ ለብቻዋ እናወጣለን፤ የባል እገዳ ለሚስት አይሆንም።

ሁለተኛው የታክስ ነገር ነው። የፌደራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት አይ አር ኤስ ለሚጠይቀው ሰው በየዓመቱ የሚለወጥ ባለ ስድስት አሃዝ ምስጢር ቁጥር ይሰጣል። ያ ቁጥር ካልገባ በእርስዎ ሶሻል ማንም በኢንተርኔት ታክስ ማስገባት አይችልም። «እኔ ታክስ መሙላት ትቻለሁ» ይሉኝ ይሆናል። እንግዲያውስ ይበልጥ ያስፈልግዎታል፤ በስምዎ ሌላ ሰው ቢሞላ የሚጋጭበት ወረቀት ስለሌለ ማንም አይነቃበትም። ኢንተርኔቱ እምቢ ካለ ቀጠሮ ይዘን መታወቂያ ይዘው ቢሮ መሄድ ይቻላል።

የሜዲኬሩን (የአዛውንቶች የመንግሥት ጤና መድን) ወረቀት «ይህ ቢል አይደለም» ስለሚል ብቻ አይቅደዱት። ያልሄዱበት ሐኪም ቤት ካለበት 1-800-633-4227 ይደወላል። የባንኩን ደግሞ ወር በወር ይዩት። በዴቢት ካርድ ቁጥር ብር ቢወጣ መግለጫው ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ካላሳወቁ ከዚያ በኋላ የሚወጣው በእርስዎ ሊቀር ይችላል።

አሁን ደስ የማይልዎትን ልናገር። ቤተ ክርስቲያን ለሽማግሌው ሁሉ ፎርም የሚሞላው ልጅ ደግ ልጅ ነው፣ እግዜር ይስጠው። ግን የሰዉን ሁሉ ሶሻል በአንድ ደብተር ጽፎ መኪናው ውስጥ ይዞ ይዞራል። ይህን ጉዳይ ለእሱ አይስጡት። ስልክም ይደወል ይሆናል፤ «ከማዘጋጃ ቤት ነው፣ ስለ መረጃው ስርቆት ነው» የሚል፣ ምናልባትም ጥርት ባለ አማርኛ። ስምዎንና አድራሻዎን መጥራቱ እውነተኛ መሆኑን አያሳይም፤ የተሰረቀው እኮ እሱ ነው። «ልጄ ትደውልልዎታለች» ብለው ይዝጉት። ይሉኝታ ይቅር።

መረጃችን ስለተሰረቀ ከተማውን መክሰስ ይቻላል ወይ ብለው ጠይቀው ነበር። እርስዎ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር፤ ኦሃዮ ላይ ግማሽ እውነት አለው። ሕጉ ከተሞችን በመንግሥት ሥራቸው ከካሳ ክስ ይከልላቸዋል። ቀዳዳዎች ግን አሉት፤ ለምሳሌ ውሃ መሸጥን ሕጉ እንደ ንግድ ያለ ሥራ አድርጎ ስለሚያየው ከለላው እንደ ግብር መሰብሰቡ አይደለም። ስለዚህ መረጃው ከየትኛው ክፍል እንደወጣ ጠበቆች አጥብቀው ይጠይቃሉ። ከተማ ላይ የሚቀርብ የጉዳት ክስ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው። ፖስታው ይቀመጥ ያልኩዎት አንድም ለዚህ ነው። ከተማው ስርቆቱን ባወቀ በ45 ቀን ውስጥ ለባለመረጃዎቹ ማሳወቅ ነበረበት፤ ይህን ባያደርግ ግን የሚከሰው የስቴቱ ዋና አቃቤ ሕግ ነው፣ እኛ አይደለንም።

ሌላው ደግሞ ፌደራል ፍርድ ቤት «የደረሰብዎትን እውነተኛ ጉዳት ያሳዩ» ይላል። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ቀን ሊጎዳኝ ይችላል ማለት ብቻውን ለካሳ አይበቃም ብሏል። ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ የፖስታ ደረሰኝ፣ የተደወለበት ቀን፣ ያነጋገሩት ሰው ስም፣ ለዚህ ሲሉ የተመላለሱበት ቤንዚን ሁሉ እማማ በአንድ ደብተር ትጻፍልኝ። የእሷ ጽሕፈት ይነበባል።

ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲሆን ጠበቆች የብዙ ሰው ጉዳይ በአንድ ያቀርባሉ፤ ክላስ አክሽን ነው። ስምምነት ላይ ከተደረሰ ማሳወቂያ በፖስታ ይመጣል። ጠበቃው የሚከፈለው ከተገኘው ካሳ ላይ ነው። ቅድሚያ ብር አምጡ የሚል ካለ ሌባ ነው። ካሳውም አያጓጓዎት፤ ደረሰኝ ለሌለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። ቅጹን በቀኑ ያላስገባ ደግሞ ባዶ እጁን ይቀራል፣ በራሱ የመክሰስ መብቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ እንደዚህ ያለ ወረቀት ሲመጣ ሳይፈርሙም ሳይጥሉም ለእህቴ ይስጧት።

ምናልባት በስምዎ የተከፈተ ነገር ካገኘን የፌደራል ንግድ ኮሚሽኑ «አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ጎቭ» የሚባል ገጽ አለው፤ እዚያ የሚወጣውን ሪፖርት ይዘን ነው ዕዳው የእኔ አይደለም የምንለው። ከዚያ በፊት ግን ያለውን ማየት ይሻላል። «አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም» ላይ የሦስቱንም ሪፖርት በየሳምንቱ በነፃ ማውጣት ይቻላል። እሱን እኔና እህቴ እናየዋለን፤ የማያውቁት ባንክ ስም ካለ እንጠይቅዎታለን።

ቅዳሜ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። ደብዳቤውን፣ መንጃ ፈቃዱን፣ ሶሻል ካርዱንና የቅርቡን የውሃ ቢል ጠረጴዛ ላይ ያውጡልኝ። ካርዶቹን ፎቶ አንስተው በቫይበር አይላኩልኝ፤ ስሙ እንዴት እንደተጻፈ ፊደል በፊደል ያነቡልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። መነጽርዎን ደግሞ ከመኪናው ያስመጡት።

የሚወድዎት ልጅዎ
ከሲልቨር ስፕሪንግ